«ጉንፋን ልብ አይነካም» ላልከን ወንድሜ

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ «አንቺ ነርስ አይደለሽ? እስኪ አንብቢው» ብላ ላከችልኝ። ከዚያ የሰፈራችን ባለሱቅ ላከ። ከዚያ አብራኝ የተማረች ልጅ ከሐረር። አራተኛው ግን በቅርቡ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያትመውን ምርመራ፣ ያነሳሁት ታካሚ ነው። ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሮበታል። «እንግዲያው መድኃኒቴን ላቁመው?» ይላል።

ይህን መልስ የምጽፈው በእሱ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ርዕስህ «ልብህን ተወው፣ ጉንፋን ነው» ይላል። ስምህን አልጻፍክም። የዚህ አገር ልጅ መሆንህ ግን ያስታውቃል። ስለ ሳቢያን ሙቀትና ስለ ከዚራ ዛፎች ጥላ ያልከውን ያልኖረበት ሰው አይጽፈውም። ስለዚህ በድሬ ደንብ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይልህም ብዬ አምናለሁ።

ያልከውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የጉንፋንም የኮሮናም ቫይረስ ቤቱ አፍንጫ፣ ጉሮሮና ሳንባ ነው፤ ልብ ጋ አይደርስም፤ በሕመሙ ጊዜ ልብ የሚመታው ሰው ስለሚጨነቅ ነው ብለሃል። ሁለተኛ፣ አንዴ ኢሲጂ ተነስቶ «ኖርማል» የተባለ ሰው ጉዳዩ አልቋል፤ ድጋሚ ተነሳ ማለት ገንዘብ መሰብሰብ ነው ብለሃል። ሦስተኛ፣ ከኮሮና ወዲህ የመጣ የልብ ምት መዛባት የክትባቱ እንጂ የበሽታው አይደለም ብለሃል። በመጨረሻ መፍትሔ ሰጥተሃል። ዳማከሴና ዝንጅብል፤ በሦስት ቀን ካልለቀቀ አዚትሮ ከክሎሮኪን ጋር፤ ከዚያ ኳስ ተጫውቶ ወይም ጫት ቅሞ በላብ ማስወጣት።

በዳማከሴው አንጣላም። እናቴም ምች መታኝ ስላት ዳማከሴ አሽታ ነው ያሳደገችኝ። ሌላውን ግን አንድ በአንድ እንየው።

«ልብ የሚመታው በጭንቀት ነው»

ልክ ከሆንክበት ልጀምር። ጭንቀት ልብን ያስመታል። «ልቤ ሊቆም ነው» ብለው የሚመጡ፣ ጥቂት ቁጭ ብለው ውኃ ሲጠጡና ሲረጋጉ ምታቸው ከ120 ወደ 80 የሚወርድ ሰዎች አያለሁ። ኮሮና አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ እንደዚህ ያለ ሰው ብዙ ነበር። ደግሞም አብዛኛው ጉንፋን ልብ ላይ ምንም ሳይተው በሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ የእኔን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር እንዳይደነግጥ ነው።

ግን አንተ «ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው» አላልክም። «ሁልጊዜ ጭንቀት ነው» ነው ያልከው። እሱ አይሆንም። ትኩሳት የያዘው የስድስት ወር ሕፃን እናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ደረቱ ላይ እጅህን አድርግና ቁጠር። ከጤናማው ቀን በላይ ይመታል። ይህ ልጅ ተኝቷል፤ ምን ያስጨንቀዋል? የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልብ ምት በደቂቃ ወደ 10 ገደማ ይጨምራል። ይህ የሰውነት ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ከኮሮና ታማሚዎች መካከል ትኩሳት እያላቸው ምታቸው ከሚጠበቀው በታች የሚወርድ ታይተዋል። አንዳንዶቹ በደቂቃ ከ60 በታች ይወርዳሉ። ጭንቀት ልብን ያስሮጣል እንጂ ለቀናት እያዘገመ እንዲመታ አያደርገውም። ሁሉም ነገር ጭንቀት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሰዎች ባላየን ነበር።

ታዲያ ሳንባ ላይ ያለ ቫይረስ ልብ ጋ በምን ይደርሳል? ይህ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቆም ብዬ ልመልሰው።

የድሬ ሰው ነህና በባቡር ላስረዳህ። በልባችን ቀኝ የላይኛው ክፍል ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለች። ሐኪሞች ሳይነስ ኖድ ይሏታል። የመነሻ ጣቢያ በላት። በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ የኤሌክትሪክ መልእክት ትለቃለች። መልእክቱ የላይኞቹን ክፍሎች አዳርሶ መሐል ላይ ካለች ሌላ ጣቢያ ይደርሳል። እዚያች ለአፍታ ይያዛል። የሚያዘውም የላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን ወደ ታች አራግፈው እንዲጨርሱ ነው። ከዚያ ሐዲዱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ወደ ታችኞቹ ትልልቅ ክፍሎች ይሮጣል። የላይኞቹ ከጀመሩ አንስቶ ታችኞቹ እስኪጀምሩ ያለው ጊዜ በጤናማ ሰው ከሰከንድ አምስተኛ እጅ አይበልጥም።

እዚህ ሐዲድ ላይ የሚሮጠው ጨው ነው። ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ ልብ ይነሳል። ካልሲየም ሲገባ ይጨመቃል። ፖታሲየም ሲወጣ ያርፋል፤ ለሚቀጥለው ምት ይዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ጨው የራሱ በር አለው። በሮቹ በሰዓታቸው ካልተከፈቱና ካልተዘጉ ምቱ ይዛባል።

አሁን ጉንፋኑን አምጣ። ትኩሳት የበሮቹን ፍጥነት ይቀይራል። ላብ፣ ተቅማጥና ማስታወክ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይዘው ይሄዳሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ሳንባ ሲታመም ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ያጣ ልብ ይነጫነጫል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። አንዱ ኢንተርሉኪን-6 ይባላል። በላብራቶሪ እንደታየው የፖታሲየምን መውጫ በር ያደክማል። ልብ ማረፊያው ይረዝምበታል ማለት ነው። ልብ በዚህ ሁሉ እንዲነካ ቫይረሱ ሳንባን ለቆ መሄድ አያስፈልገውም። እዚያው ሆኖ ይበቃዋል።

አልፎ አልፎ ግን በእርግጥም የልብ ጡንቻው ራሱ ይቆጣል። ማዮካርዳይተስ የሚባለው ነው። ይህ በኮሮና ብቻ አይመጣም። ኢንፍሉዌንዛም ሌሎች ቫይረሶችም ያመጡታል። ጡንቻው ሲያብጥ በውስጡ የሚያልፈው ሐዲድም አብሮ ይነካል።

አንድ ቁጥር ልጨምርልህ። በ2018 እ.ኤ.አ. ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ኢንፍሉዌንዛ በላብራቶሪ የተረጋገጠባቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሀርት አታክ የሚያጋጥማቸው ከሌላው ጊዜ በ6 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። ሌሎች የመተንፈሻ አካል ቫይረሶችም፣ በመጠኑ አንሰው፣ ከፍ አድርገውታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥናት የለካው የደም ሥር መዘጋትን ነው፤ ኤሌክትሪኩን አይደለም። በሀርት አታክ ጊዜ ሰው ቶሎ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ሲበጠበጥ ነው። «ልብ ጋ አይደርስም» ለሚለው መልስ ለመሆን ይበቃል።

«አንዴ ኖርማል ከተባለ አልቋል»

እዚህ ላይ የተናደድክበት ነገር ገብቶኛል። ሳያስፈልግ የሚታዘዝ ምርመራ አለ። አልክደውም። ጣቱን ለቆረጠው ሰው ኢሲጂ ሲታዘዝለት በዓይኔ አይቻለሁ። ማሽኑ ራሱ ወረቀቱ ጥግ ላይ የሚያትመው ፍርድም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሐኪም ሳያየው «በሽታ አለብህ» የተባለ ሰውም «ምንም የለብህም» የተባለ ሰውም አለ። በዚህ ከጎንህ ነኝ።

ግን ኢሲጂ ምን እንደሆነ አስብ። ሰውየው አልጋ ላይ ይተኛል። ደረቱን በአልኮል እንጠርግለታለን፤ በሙቀቱ ወቅት ላቡ ማጣበቂያውን ስለሚነቅለው ሁለቴ ሦስቴ እንጠርጋለን። ስድስት ደረቱ ላይ፣ አራት እጅና እግሩ ላይ እናያይዛለን። «አትንቀሳቀስ፣ አታውራ» እንለዋለን። ማሽኑ ወረቀቱን በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር እየጎተተ ያትማል። የምናገኘው የ10 ሰከንድ ወሬ ነው። መቶ ሺህ ጊዜ ከሚመታ ልብ 10 ወይም 15 ምት አየን ማለት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልቡ የሚንደፋደፍበትን ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በ10 ሰከንድ አይተህ «የለህም» ልትለው አትችልም። ሙሉ ቀንና ሌሊት ከሰውየው ጋር የሚውል ሆልተር የሚባል መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው።

የራሴን ልንገርህ። በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ያዘኝ። ሳል ነበረኝ፣ ሽታ ጠፋብኝ፤ ሆስፒታል ሳልተኛ ተሻለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ይመታል። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ኖርማል ነው። ድጋሚ ተነሳሁ፣ አሁንም ኖርማል ነው። አንተ እንዳልከው ጭንቀት ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ እህት «ተኝተሽ ቁጠሪው፣ ቆመሽ ደግሞ ቁጠሪው» አለችኝ። ተኝቼ 76 ነበር። ቆሜ ግድግዳውን ይዤ በየደቂቃው ቆጠርኩ። በአምስተኛው ደቂቃ 114 ደረሰ። ኢሲጂ ተኝተህ የምትነሳው ነው። የእኔ ችግር ደግሞ ስቆም የሚመጣ ነበር። በቆምን በ10 ደቂቃ ውስጥ ምት በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ የደም ግፊትም ብዙ ካልወረደ፣ ሁኔታውም ለወራት ከቆየ ፖትስ የሚባል ችግር ነው። ከቫይረስ ሕመም በኋላ እንደሚመጣም ይታወቃል። ገዳይ አይደለም። ውኃ በማብዛት፣ ሐኪም ሲፈቅድ ጨው በመጨመርና ቀስ በቀስ በመንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይሻለዋል። እኔ በስምንት ወር ገደማ ለቀቀኝ። «ጭንቀት ነው» የተባልኩበትን ጊዜ ግን አልረሳውም። ራሴን ነው የተጠራጠርኩት።

በሌላ በኩል ደግሞ ኢሲጂው ጤናማ ሆኖ ትኩሳት ሲመጣ ብቻ የሚገለጥ ችግር አለ። ብሩጋዳ ይባላል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሁለት ስፔናውያን ወንድማማች ሐኪሞች ናቸው የገለጹት። አንዳንድ ሰው የሶዲየም በሩ ከእናት ከአባት በወረሰው ምክንያት ደካማ ነው። በደህናው ቀን ወረቀቱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ትኩሳት ሲነሳ ግን ብቅ ይላል፤ አደገኛ ምትም ሊያመጣ ይችላል። እንደዚህ ዓይነት ሰው ብዙ አይደለም። ግን ቤተሰብህ ውስጥ በለጋ ዕድሜው ተኝቶ ያልነቃ ሰው ካለና አንተ ትኩሳት ሲኖርህ ራስህን የምትስት ከሆነ፣ ያምናው «ኖርማል» ወረቀት ምንም አይጠቅምህም። በትኩሳቱ ጊዜ መነሳት አለብህ።

«የክትባቱ ነው»

በዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ የቀን ጉዳይ ነውና።

ከዉሃን ሆስፒታል የወጣው የ138 ታማሚዎች ዘገባ የታተመው በ2020 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ነው። ከእነሱ ውስጥ 16.7 በመቶ የልብ ምት መዛባት ነበራቸው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ውስጥ ደግሞ 44 በመቶ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የተፈቀደ የኮሮና ክትባት አልነበረም። እኛ አገር ክትባቱ የተጀመረው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ አንድ ዓመት በኋላ። ያልተወጋ ሰው በክትባት ሊታመም አይችልም።

አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ ኮሮና የያዛቸውን ከ150 ሺህ በላይ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ለአንድ ዓመት ተከታተለ። የተያዙት ከመጋቢት 2020 እስከ ጥር 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው፤ አብዛኛው ሰው ክትባት ከማግኘቱ በፊት። ካልተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ የምት መዛባት በእነሱ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ የላይኞቹ ክፍሎች ሥርዓት አጥተው የሚንቀጠቀጡበት ዓይነትም አለበት። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶችና በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ለሳቢያን ወጣት አልወስደውም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

አሁን አንተ የያዝከውን እውነት ልስጥህ። ፋይዘርና ሞደርና የመሳሰሉት ክትባቶች በጥቂት ሰዎች፣ በተለይ በወጣት ወንዶች፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የልብ ጡንቻ መቆጣት አምጥተዋል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። ከተወጋ በኋላ ደረቱን ያመመውን ሰው «የለም፣ ምንም አይደለህም» ያለ የጤና ባለሙያ ካለ አጥፍቷል። ግን ቫይረሱም ያንኑ ያመጣል፣ በጥቅሉም ሲታይ ከክትባቱ በበለጠ ያመጣል። አንዱን ለማየት ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

«አዚትሮ ከክሎሮኪን ጋር»

ወንድሜ፣ ከጽሑፍህ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ መስመር ነው።

አዚትሮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ቫይረስ ላይ አይሠራም። ክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ነው፤ በተለይ ቪቫክስ ለሚባለው ወባ ጥሩ መድኃኒት ነው። ድሬ ውስጥ ደግሞ ወባ እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዝናብ በሌለበት ወቅት እንኳ ተነስቶብን ነበር፤ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አዲሷ ትንኝ ናት ያመጣችው። ስለዚህ ከቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ክሎሮኪን አይጠፋም። አዚትሮውን ደግሞ ያለ ወረቀት የሚሸጥ ፋርማሲ ማግኘት ከባድ አይደለም። አንተ የጻፍከውን ለመፈጸም አንድ ሰው ከቤቱ ብዙ መራቅ የለበትም።

ሁለቱም መድኃኒቶች ያንን ቅድም ያልኩህን የፖታሲየም መውጫ በር ይይዛሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ አዚትሮማይሲን በ2013 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና ታስቦ ተሞክሮ ነበር። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ያው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን አነሳ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ወር በትልቁ ሙከራው ውስጥ እሱን መስጠት አቆመ። አልጠቀመም። ጽሑፍህ የቆመው ከዚያ በፊት በነበረው ወሬ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ተስፋ አድርገውበት ስለነበር በዚህ አልወቅስህም። ከዚያ ወዲህ ግን ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ሰው ላሳይህ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ለውጫለሁ።

የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሠላሳ አልሞላውም። አሸዋ አካባቢ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መሪው ላይ ድፍት አለ። ከኋላው የተቀመጠች ሴትዮ ጮኸች፤ ጓደኞቹ በሌላ ባጃጅ ጭነው ወደ እኛ አመጡት። ሲደርስ ነቅቷል። ላብ በላብ ሆኗል። «አቦ ደህና ነኝ፣ ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ይላል። ጉንፋኑ ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነበር። ትኩሳቱ ለቆታል። ሁለት ቀን ሲያስታውክ ሰንብቷል።

ኢሲጂ አነሳሁት። ምቱ በደቂቃ 60 ነው። መልካም ቁጥር ነው፤ ፈጣን ብሎ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ከዚያ ኪውቲ የምንለውን ለካሁ። ታችኞቹ ክፍሎች ከሚነሱበት ቅጽበት አርፈው እስኪጨርሱ ያለው ርዝመት ነው። ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት። በጤናማ ወንድ 11 ካሬ ገደማ ላይ ማለቅ አለበት። ቆጠርኩ፤ 13። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሌላ መስመር ላይ ቆጠርኩ። 13። ምቱ 60 ስለሆነ የማስተካከያ ስሌት እንኳ አያስፈልገውም፤ 520 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከ500 ሲያልፍ የታችኞቹ ክፍሎች በድንገት ተጠማዞ የሚሮጥ ምት ውስጥ የመግባት አደጋቸው ይጨምራል። ያ ምት ሰውን ይጥላል። በራሱ ካቆመ ሰውየው ይነቃል። ካላቆመ አይነቃም።

«ምን ወሰድክ?» አልኩት። ኪሱ ውስጥ ገባና ሁለት የተጨማደዱ ማሸጊያዎች አወጣ። አንዱ አዚትሮ። ሌላው ባለፈው ዓመት ወባ ሲይዘው የተረፈው ክሎሮኪን።

ሐኪሙ አይቶት ወዲያው ሆስፒታል ላክነው። ፖታሲየሙ ወርዶ ተገኘ። ማግኒዚየምና ፖታሲየም በደም ሥር ተሰጠው፣ ሁለቱ ኪኒኖች ቆሙ፣ ከማሽን ጋር ተያይዞ አደረ። ክሎሮኪን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ቀጠሮው ረጅም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። 11 ካሬ። ደግሜ ቆጠርኩ። 11።

ልብ በል፣ እሱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ሕመሙ ራሱ በሩን አድክሟል። ማስታወኩ ፖታሲየሙን ወስዷል። አንደኛው ኪኒን በሩን ያዘ። ሁለተኛውም ያንኑ በር ያዘ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ምናልባት ምንም አያደርገውም ነበር። ይህን ሁለት ኪኒን ወስደው ደህና የሆኑ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንተም ከእነሱ አንዱ ነኝ ብለሃል፤ አምንሃለሁ። ግን የአንተ ልብ በሮቹ ጠንካራ ስለሆኑ የጎረቤትህም ጠንካራ ናቸው ማለት አይደለም። በሴቶች ይህ የኪውቲ ጊዜ በተፈጥሮ ረዘም ይላል፤ አደጋውም ለእነሱ ይበልጣል። ጽሑፍህን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ በዚያ ላይ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አላት። አንተ ስትጽፍ እሷን አላየሃትም።

ስለ ላቡ ደግሞ። ኳስ ተጫውተህ ጉንፋን አይወጣም። ትኩሳት ያለበት ልብ ሥራ በዝቶበታል፤ ጡንቻው ተቆጥቶ ከሆነ ደግሞ ሩጫ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ማዮካርዳይተስ የተገኘበት ስፖርተኛ ሐኪም እስኪፈቅድለት ለሳምንታት ወይም ለወራት ከባድ እንቅስቃሴ እንዳያደርግ የሚመከረው ለዚህ ነው። ለተራ ጉንፋን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ትኩሳቱ ይልቀቅ፣ ጉልበት ይመለስ፣ ከዚያ ሜዳው የትም አይሄድም።

ጫቱ ከባድ ርዕስ ነው። ይህ አካባቢ በጫት የሚተዳደር አካባቢ ነው። ጎረቤቶቼ ከአወዳይ እያመጡ ነው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት። ስለዚህ ስለ ጫት በጥቅሉ ልሰብክህ አልመጣሁም። ስለ ታመመ ሰው ብቻ ነው የማወራው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ምትንም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የበላው ምግብ የሌለው፣ ውኃው በላብ ያለቀ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ላይ ይህን ስትጨምርበት ልቡን ከሁለት ወገን ነው የምትገፋው። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም መቃምን ከሀርት አታክ ጋር አገናኝተውታል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ምርቃናው ልብ ላይ ወጣ» የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ። ጉንፋን የያዘው ከሆነ ያንን ቃል እንደ ዋዛ አትለፈው። እስኪሻለው ይተወው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይተኛ፤ ውኃ፣ ሾርባ፣ ካስታወከ ደግሞ ኦአርኤስ ይጠጣ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለበት ማነው ብትለኝ፣ ከምልክቶቹ ሁሉ የማስቀድመው ራስን መሳት ነው። በተለይ ሲሮጥ ወይም ቁጭ ባለበት ያለ ማስጠንቀቂያ የወደቀ ሰው። ከዚያ የደረት ሕመም፣ ሳይንቀሳቀስ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ከ120 በላይ የሚቆይ ምት፣ ወይም አንዴ ፈጠን አንዴ ቆም የሚል ሥርዓት የሌለው ምት። ምቱን ለመቁጠር ደግሞ ክሊኒክ አያስፈልግም። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ፣ የስልክ ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ለእናቴ አስተምሬአታለሁ፤ አሁን ጎረቤቱን ሁሉ የምትቆጥረው እሷ ናት።

ለዚያ ታካሚ «አታቁም፤ ሐሙስ ጠዋት ና፣ ድጋሚ እናነሳሃለን» ብዬ መልሻለሁ። «እሺ» ብሏል።

ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጽሑፍህ አሁንም እየዞረ ነው። ትናንት አንዲት እናት ስልኳን ከፍታ ለፋርማሲስቱ «ይሄንን ሁለቱን ስጠኝ» ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ መድኃኒቱ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ነው። የአዚትሮና የክሎሮኪንዋን መስመር አውጣትና ደግመህ ልቀቀው። ስምህንም አታስገባ፣ እኔንም አትጥቀስ። ስለ ክትባቱም ስለ ክሊኒኮቹም ያለህን አቋም እንዳለ ተወው፤ እሱን ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ ሻይ እየጠጣን እንከራከርበታለን።